የፍጥነት ካሜራ ታሪክና የሐኪሙ ድርሻ

የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ መነሻው የሽቅድምድም ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፉት ሆላንዳዊው ማውስ ጋትሶኒደስ መለኪያውን የፈለሰፉት የራሳቸውን ፍጥነት ለመጨመር ነበር፤ ፖሊስ ግን ፍጥነትን ለመግታት አዋለው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ የሆኑት ሐኪሙ ዊሊያም ሃደን፣ የመኪና አደጋ እንደ ወረርሽኝ ሊጠናና ሊገታ እንደሚችል አስተማሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ይገልጻል።

በሐዲያ ዞን፣ ከጃጁራ ክፉኛ የተጎዳ መንገደኛ ለከፍተኛ ሕክምና ሆሳዕና ድረስ ይጓዛል። ካሜራም ሆነ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የት ይተከል ለሚለው ጥያቄ የመልሱ መነሻ የሐኪሙ መዝገብ ነው፤ ከጉዳቱ ጎን አደጋው የደረሰበትን ቦታና ሰዓት መጻፍ የሚቀጥለውን ሰው ማዳን ነው።