በውሃ የሚቀጠን ቫርኒሽን የብሩሽ ጭረት ሳይተዉ ስለመቀባት

የብሩሽ ጭረት የሚቀረው ቫርኒሹ ገጹ ሳይስተካከል ሲደርቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኙት ሮቤና ጎባ፣ የቀትር ፀሐይና ነፋስ መድረቁን ያፋጥናሉ፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ደግሞ ቫርኒሹ በአግባቡ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ስለሆነም ረፋድ ላይ፣ ከፀሐይና ከነፋስ በተጠለለ ቦታ መቀባት ይመረጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል፦

1. እንጨቱን በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሲደርቅ የቆመውን ጭራ በድጋሚ በስሱ ያለስልሱና አቧራውን ያጽዱ።
2. ቫርኒሹን አረፋ እንዳያወጣ ሳይንጡ በዝግታ ያማስሉ።
3. የናይሎን ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራው ውሃ መጥጦ ይልፈሰፈሳል።
4. የእንጨቱን መስመር ተከትለው ስስ አድርገው ይቀቡ፤ መድረቅ በጀመረው ላይ ብሩሽ አይመልሱ።
5. በጣሳው ላይ የተመለከተው የመድረቂያ ጊዜ ሲያበቃ በቁጥር 320 በስሱ አለስልሰው፣ አቧራውን ጠርገው ይደርቡ።

ማሳሰቢያ፦ ክፍል ለማሞቅ ወይም ቫርኒሽ ለማድረቅ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ፈጽሞ አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ለሞት ይዳርጋል።