«ተማሪ ተኮር» ሲባል

ብዙ ሰው «ተማሪ ተኮር ትምህርት» የሚባለውን ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ያደርገዋል። አባቴ የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ስለነበሩ እኔ ይህን አልቀበልም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ! (ንባብ ቤቱን እዚህ ውስጥ አላስገባም፤ እዚያ አለንጋም ነበር።)

ወደ ዘመናዊው እንምጣ። በኢሕአዴግ የሚመራው የሽግግር መንግሥት የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲውን ያወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። ሰነዱ ችግር ፈቺ ዜጋ እናፈራለን ይላል። በዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዘመኑ ጋር ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1985፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ተተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ። ወራት ሳይቆይ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ፤ የቀዶ ሕክምናው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። እንግዲህ «ተማሪው ይጠይቅ» የተባለው ጠያቂው ተተኩሶበት፣ መላሹ ከተባረረ በኋላ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መምህራንን በዚሁ ዘዴ የሚያሠለጥን የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተጀመረ። እኔም ወስጄዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ተምሬበታለሁ። በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ «አንድ ለአምስት» መጣ። ጎበዙ ደካማውን ይርዳ ማለቱን ማን ይጠላል? ችግሩ ይኸው አደረጃጀት በገበሬውም፣ በቀበሌውም፣ በመሥሪያ ቤቱም የተዘረጋ የቁጥጥር መረብ መሆኑ ነበር። ተማሪው ይህን ከቤቱ ያውቀዋል።

አስተምርበት በነበረ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ክርክር ላስነሳ ብዬ «መሬት የማን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ለቡድኖቹ ሰጠሁ። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተበየዱ ስለነበሩ ልጆቹ ወገባቸውን አዙረው ነበር የሚወያዩት። ውይይት ግን አልነበረም። ሁሉም ቡድን ያንኑ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ገልብጦ አመጣ። ስንወጣ አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ማን ምን እንዳለ ሪፖርት ይደረጋል እንዴ?» አለኝ።

«አይደረግም» አልኩት። እሱ ግን የቡድን መሪውን ዞር ብሎ አየው።

በማግስቱ ያንን ጥያቄ ከትምህርት ዕቅዴ ሰረዝኩት። ለልጁ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንዲያውም የፈራሁት ለራሴ ነበር።