ስለ ወለድ ልክና ስለ መርካቶ ነጋዴ ብድር

ገንዘብም እንደ ጤፍና እንደ ሸማ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ወለድ ይባላል። ይህ ዋጋ በማን እጅ እንደሚቈረጥ ያልተረዳ ሰው፥ ዕዳው ስለ ምን እንደ ከበደው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ታሪኩን ከመርካቶ ተነሥተን ባጭሩ እንመልከት።

መርካቶ የተቈረቈረው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ነው። የመጀመሪያው ባንካችን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1898 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን መያዣ የሌለው ነጋዴ ተስፋው ዕቁብ ነበር። ዕቁብ ወለድ የለውም ይባላል። ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ገንዘብ ለቸገረው ጓደኛው ሲሸጥ፥ ገዢው ከገንዘቡ ጥቂት ይለቅለታል። ያ ጥቂት የጊዜ ዋጋ ነውና፥ በስሙ ባይጠራም ወለድ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ የብድር ወለድ ልክ በጽሑፍ ካልተወሰነ በዓመት በመቶ 9 እንዲሆን፥ ተዋዋዮችም ከመቶ 12 እንዳያሳልፉ ደነገገ። በ1955 ዓ.ም. ዐዋጅ ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንክ ተለይቶ የባንኮች ባንክ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ከወረሰ በኋላ ግን፥ ወለዱ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለመንግሥት ድርጅቶች ዝቅ፥ ለግል ነጋዴ ከፍ ይል ነበር። የገንዘብ ዋጋ በተበዳሪው ማንነት ተለየ ማለት ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በመቶ 15 የሆነ አንድ መነሻ የወለድ ልክ ቈረጠ። አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ ገንዘብ ያጠረው ባንክ ከብሔራዊ ባንክ ለአንድ ሌሊት ሲበደር በመቶ 18 ይከፍላል፤ የተረፈው ሲያስቀምጥ በመቶ 12 ይታሰብለታል። ስለዚህ ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት ዋጋ በነዚህ መካከል ሆኖ ወደ መነሻው ይጠጋል። ባንኩ ገንዘብ የሚያገኝበት ዋጋ ሲወደድ፥ ለነጋዴው የሚያበድርበትም ይወደዳል። 100,000 ብር የተበደረ የሸማ ተራ ነጋዴ፥ ወለዱ ከመቶ 15 ወደ 18 ቢወጣበት በዓመት 3,000 ብር ይጨምራል። ብዙ ሰው እንዲህ አስቦ ብድሩን ሲቀንስ፥ በገበያ የሚሯሯጠው ገንዘብ ያንሳል፤ የዋጋም ንረት ይበርዳል።

ነገር ግን ይህ ሰንሰለት የባንክን ደጅ ያልረገጠውን አይደርሰውም። መነሻው ቢረክስም፥ አራጣ አበዳሪ የሚያየው የተበዳሪውን ጭንቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ሂሳቡን በመዝገብ ይያዝ፤ ባንኮችም ከቤትና ከመሬት መያዣ ሌላ የነጋዴውን መዝገብና ታማኝነት መመዘን ይልመዱ እንላለን። የወለድ ልክ መውጣትና መውረድ ለመርካቶ ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነውና።