የደፍ ታሪክ፦ ከቀይ ባሕር ጥልቀት እስከ ዴዴሳ



ባሕር በማይታይባት በነቀምቴ፣ በቡርቃ ጃቶ ተሰብስበን ስለ ጥልቅ ባሕር ዓሣ መነጋገራችን እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ይህን ዓሣ የማነሣው ደፍ እንዴት ታሪክ እንደሚሠራ ስለሚያስተምረን ነው።

ካርል ቤንጃሚን ክሉንዚንገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በቁሰይር ወደብ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው ዓሦች አንዱ አስትሮኔስተስ ማርቴንሲ ነው። ወገኑ ከዘንዶ ዓሦች ነው፦ አካሉ ጠቆር ያለ፣ ጥርሱ የሾለ፣ ከአገጩ ሥር ክር መሰል ጢም የተንጠለጠለ፣ ሆዱና ጎኑ ብርሃን በሚያመነጩ ነጥቦች የተደረደረ።

ብዙዎቹ ዘመዶቹ በውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቀት ይኖራሉ። ቀይ ባሕር ግን 2,000 ሜትር ተወርዶም ሙቀቱ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው። ምክንያቱ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የባሕር ውስጥ ደፍ ነው። ከውሃው ገጽ እስከ ደፉ 137 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃ አይገባም። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በበረዶ ዘመን፣ የዓለም ባሕር ከ100 ሜትር በላይ ሲወርድ በሩ ሊዘጋ ደረሰ፤ ጨውም በረታ። ከወለሉ የወጣው ደለል እንደሚመሰክረው ብዙ ተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጡራን ጠፉ። ከዚህ ተነሥቼ፣ የዛሬው ዘንዶ ዓሣ በሩ እንደገና ሲከፈት የገባ የመጻተኛ ዘር ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የቀይ ባሕርን ዓሦች የመረመረው ኤድዋርድ ሩፔል የጣናንም ዓሦች መዝግቧል። በዚያም የምናገኘው የደፍ ታሪክ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወረወር ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ አይወጣም፤ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከደርዘን በላይ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች የበቀሉት በዚህ መነጠል ውስጥ ነው።

የእኛ ዴዴሳ ዓባይን የሚቀላቀለው ከፏፏቴው በታች ነው። ከመገናኛው ወዲያ ደግሞ የሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ይህ ደፍ በዘመናችን፣ በእጃችን የተሠራ ነው። ስለዚህ የዴዴሳ ዓሦች ታሪክ ከእንግዲህ «ከግድቡ በፊት» እና «ከግድቡ በኋላ» ተብሎ ይከፈላል። «በፊት» የሚለው ምዕራፍ ያለው በአጥማጆች ትዝታ፣ በኦሮምኛ የዓሣ ስሞችና በተጠበቁ ናሙናዎች ውስጥ ነው። ቁሰይር ስለ ዓሣዋ ለመስማት የሩቅ አገር ሐኪም ጠብቃለች፤ ለዴዴሳ ግን እናንተ ቅርብ ናችሁ። አረጋውያኑ ሳያልፉ ጠይቁ፤ መዝግቡም።