የመሬት መዝገብ ታሪክ በፎገራና በአካባቢው

ብዙ ሰዎች «የመረጃ ሥርዓት» ሲባል ኮምፒዩተርን ብቻ ያስባሉ። ነገር ግን ኮምፒዩተር መሣሪያ እንጂ ሥርዓቱ ራሱ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ማኅበር የመረጃ ሥርዓት አለው የሚባለው አራት ሥራዎችን በደንብ ሲያከናውን ነው፤ ይኸውም ነገሩን መሰብሰብ፥ የሰበሰበውን ማስቀመጥ፥ በሚያስፈልግ ጊዜ ፈልጎ ማግኘት፥ ነገሩም በተለወጠ ቍጥር መዝገቡን ማደስ ነው። ከነዚህም ጋር ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ የሚጽፈው ማን ነው? የሚያነበውስ? ስሕተት ሲገኝ የሚያርመውስ? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ በፎገራ ሜዳና በጠቅላላው በበጌምድር የመሬት ነገር እንዴት ሲታወቅና ሲመዘገብ እንደ ኖረ መመርመር ነው።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከደጋው አፈር ጠርገው እያመጡ በዚሁ ሜዳ ላይ ይደለድሉታል። ዋና ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝበት ነው። በፍል ውሃው የታወቀው ወንዛዬም ከዚህ ሩቅ አይደለም። መሬቱ ለም ስለ ሆነ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ክርክር ከጥንት ጀምሮ አላቋረጠም።

የመጀመሪያው መዝገብ የሰው አእምሮ ነበረ። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት ለማግኘት የሚችለው ትውልዱን በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት ሲያደርስ ነው። ስለዚህ የዘር ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ በአገሩ እንደ መዝገብ ቤት ይቈጠር ነበረ። የዚህ ሥርዓት ብርታቱ ከሕዝቡ መካከል መሆኑና ሁሉም በሸንጎ ቆሞ ሊከራከርበት መቻሉ ነው። ድካሙ ግን ግልጽ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት መዝገቡ አብሮት ይቀበራል፥ ሁለት ሽማግሌዎችም ሁለት ዓይነት ሲቈጥሩ እውነቱን የሚለየው ብዙ ጊዜ ጉልበት ያለው ወገን ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። በጎንደር ዘመን፥ ይልቁንም በ18ኛው መቶ ዓመት፥ የጉልት ስጦታና የመሬት ሽያጭ በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግ፥ ባዶ በቀሩትም ገጾች ላይ ይጻፍ ነበረ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቍስቋም ቤተ ክርስቲያን መዝገብ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በነዚህ ጽሑፎች የሻጩና የገዢው ስም፥ በወርቅ ወቄት የተነገረው ዋጋ፥ የእማኞችና የሹማምንት ስም ይገኛል፤ ጽሑፉን የሚያፈርስም ሰው እንዲወገዝ ይደነገጋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ዛሬ በኮምፒዩተር ቁልፍና በይለፍ ቃል የሚጠበቀው ነገር በዚያን ጊዜ የሚጠበቀው በመጽሐፉ ቅድስና፥ በእማኞች ብዛትና በውግዘት ነበረ። ዘዴው ቢለያይም ዓላማው አንድ ነው።

ሆኖም ግልባጭ የሌለው መዝገብ ሁልጊዜ ያሰጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከነዚሁ መካከል 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ሄደው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ። ከመጻሕፍቱም ጋር በኅዳጋቸው ላይ የተጻፈው የመሬት ነገር አብሮ ሄደ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የጎንደርን የመሬት ታሪክ ሲያስረዱ ከተጠቀሙባቸው ምንጮች ዋነኞቹ እንዲህ ያሉ የኅዳግ ጽሑፎች ናቸው።

ሦስተኛው የመንግሥት ግብር መዝገብ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በጋሻ መሬት ለም 15 ብር፥ ለም ጠፍ 10 ብር፥ ጠፍ 5 ብር እንዲከፍል አዘዘ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ የዐሥራቱ ክፍያ በገንዘብ ተተምኖ ተጨመረ። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ግብር መሬቱ ተለክቶ በጋሻ መታወቁን ይጠይቃል። የበጌምድር፥ የጎጃምና የትግሬ ርስት በዚህ መልክ ስላልተለካ በነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች የቀድሞው ግብር እንደ ነበረ ቀጠለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገቢ የሚገምቱ ሰዎች ወደ ገበሬው ተላኩ፤ የጎጃምም ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ ዐመፀ። ገበሬውን ያሠጋው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካና በመንግሥት መዝገብ ከገባ ርስቱ እንደሚነጠቅ ይፈራ ነበረ። ከዚህ የምንማረው አንድ ሕዝብ መዝገቡ ለምን እንደሚውል ካላመነ ትክክለኛ ነገር ሊነግረው ፈቃደኛ አለመሆኑን ነው።

ፍርሃቱም ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ የድልድሉም ሥራ ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ቅሪት» ተብለው የተመዘገቡ ገበሬዎች 4 ጥማድ ብቻ፥ ማለት 1 ሄክታር ያህል፥ እንዲይዙ ሲደረግ ሌሎች እስከ 12 ጥማድ ሊይዙ ይችሉ ነበረ። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ከስም አጠገብ የተጻፈች አንዲት ቃል የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ወሰነች።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የክልሉ መንግሥት የይዞታ ምዝገባ አካሄደ። ሕዝቡ «አረንጓዴ ደብተር» በሚለው ሰነድ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው፥ የመሬቱ ስፋትና በአራቱ ማዕዘን ያሉት አዋሳኞች ይጻፋሉ። ምዝገባው በቀበሌው ሕዝብ በተመረጠ ኮሚቴ ፊት ስለ ተደረገ የጥንቱ እማኝ በአዲስ መልክ ተመለሰ ለማለት ይቻላል። የሚስት ስም መጻፉም ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ለክርክር የምታቀርበው ጽሑፍ እንዲኖራት አድርጓል። በኋላም በአየር ፎቶግራፍ ካርታ የተደገፈ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ቀጠለ፤ በፊንላንድ መንግሥት ርዳታም ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የተባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ተሠራ።

ይሁን እንጂ ከአራቱ ሥራዎች እጅግ አስቸጋሪው የመጨረሻው፥ ማለት ማደሱ ነው። ፎገራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንደ ሆነው ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ የድንበር ምልክት ይጠፋል፥ ደለልም ያንዱን ማሳ ከሌላው ይቀላቅላል። ቀድሞ ውሃ የሚተኛበትና የፎገራ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ሩዝ ስለ ገባበት ውድ መሬት ሆኗል። አባት ሞቶ ልጆች ሲካፈሉ ለውጡ ካልተመዘገበ ደብተሩ የሚናገረው ስለ ሟቹ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ጭራሽ ካለመኖሩ ይልቅ ሊጐዳ ይችላል፤ ዳኛው የተጻፈውን ያምናልና።

ስለዚህ የመረጃ ሥርዓት የሚመዘነው በመሣሪያው አዲስነት ሳይሆን፥ የተጻፈበት ሰው አንብቦ ሊያርመው በመቻሉና ከነገሩ ጋር አብሮ በመለወጡ ነው። ሽማግሌው ሕዝቡ ያምነው ነበረ፥ ግን አይጸናም። የወንጌሉ ኅዳግ ይጸናል፥ ግን ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። የግብሩ መዝገብ ኀይል ነበረው፥ ግን አልታመነም። ኮምፒዩተሩም ከነዚህ ከሦስቱ ጉድለት ነጻ የሚሆነው የቀበሌው ሰው ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አጭር ሲሆን ነው። ከዚህ አገር የተወለዱ ተማሪዎች በየደብሩ ያሉትን የኅዳግ ጽሑፎችና ሽማግሌዎች የሚያውቁትን የዘር ቆጠራ ሳይጠፋ ቢመዘግቡ ለታሪክም ለፍርድም ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።