የሸክላ ጥበብ ባለሙያና መምህር ማሞ ተሰማ

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አካባቢዎች ሁሉ፣ ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራና ጋን የሴቶች የእጅ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ባለሙያዋ አፈሩን መርጣ ታቦካለች፤ ያለ መንኮራኩር በእጇ ቅርጽ ታወጣለች፤ ካደረቀችው በኋላም በግልጥ እሳት ትተኩሰዋለች። ይሁን እንጂ ዕቃው ከየቤቱ ባይታጣም ሠሪዋ በሙያዋ ስትናቅ ኖራለች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ንቀቱ ፈጥኖ አልጠፋም። ሸክላ ከፍተኛ ትምህርት የሚገባው ጥበብ መሆኑን በሕይወታቸው ካሳዩ ኢትዮጵያውያን አንዱ አቶ ማሞ ተሰማ ናቸው።

ሕይወትና ሥራ

አቶ ማሞ እ.ኤ.አ. በ1935 በወለጋ ነቀምቴ ተወለዱ። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የአልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሴራሚክ ኮሌጅ ሙያውን አጥንተዋል። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ አስተምረዋል። በኋላም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ቅርሶች ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል።

የጥበብ አመለካከት

አመለካከታቸውን ከመረጡት ጎዳና መረዳት ይቻላል። በግልጥ እሳት የሚተኮሰው የአገር ቤት ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይበስላል። በዘመናዊ እቶን የሚሠራው ጠንካራ ሴራሚክ ግን 1200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ውሃ የማያሳልፍ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ልባስም ይቀበላል። አቶ ማሞ ይህን ዕውቀት ተምረው ማስተማራቸውና የቀደሙትን ሰዎች ሥራ በሙዚየም መጠበቃቸው፣ አዲሱ ዕውቀት ነባሩን የሚያጠናክር እንጂ የሚያጠፋ እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

ለቢቸናና ለሞጣ ነዋሪዎች

በሸክላ ሥራ ለመሠልጠን ወይም ተደራጅቶ ለመሥራት የሚፈልግ ነዋሪ በአቅራቢያው ወደሚገኘው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መረጃ መጠየቅ ይችላል።

በእርሻ ወይም በግንባታ ቁፋሮ ጥንታዊ የሸክላ ዕቃ ወይም ስባሪ ያገኘ ሰው ደግሞ ካለበት ሳያነሣው ወዲያውኑ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። በድንገት የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ግዴታ ነው። ስባሪው ትንሽ ቢመስልም ስሟ ያልተመዘገበ ባለሙያ ትታው ያለፈች ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።