የተንጠለጠለችው ጠብታ

በርሊን ውስጥ በቤተ ሙከራ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የምወደው ሥራ ጠብታ ማንጠልጠል ነበር። 750 ያህል የአይጥ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) የያዘች የ20 ማይክሮ ሊትር ጠብታ በሳህኑ ክዳን ላይ አኖርና እጄን አጽንቼ ክዳኑን እገለብጠዋለሁ። ሕዋሳቱ ቁልቁል ወርደው በጠብታዋ ጫፍ ይከማቻሉ፤ በሦስት ቀን ኳስ ይሆናሉ። ኳሷ ወደ ሌላ ሳህን ከተዛወረች በኋላ፣ በአሥረኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ስትታይ ትመታለች፤ የልብ ጡንቻ አብቅላለች። የሚፈተሸው ኬሚካል ጽንስን የሚጎዳ ከሆነ ምቱ ይጠፋል።

ፍተሻውን በ1990ዎቹ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያዘጋጁት ሆርስት ሽፒልማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ተቋማቸው እንስሳትን የሚተኩ ዘዴዎች እንዲያጠና በ1989 በርሊን የተቋቋመው ጼቤት ነበር። ከእነሱ በፊት፣ በ1981፣ ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካፍማን ካምብሪጅ ላይ፣ ጌይል ማርቲን ደግሞ ካሊፎርኒያ ላይ ከአይጥ ጽንስ ስቴም ሴል አውጥተዋል። የፍተሻው ብልሃት ማነጻጸር ነው፤ ኬሚካሉ የበሰለውን ሕዋስ በማይገድልበት መጠን የልብን መፈጠር ካገደ፣ ጽንስን ለይቶ ያጠቃል ማለት ነው። በአውሮፓ በተደረገው ማረጋገጫ 20 ኬሚካሎች ተፈትሸው ከውጤቱ 78 ከመቶው ትክክል ሆነ።

ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ሴረም ግን ከጥጃ ጽንስ ደም የሚገኝ ነው። ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። «ከእንስሳ ነፃ» የሚለውን ቃል ስሰማ ያንን ጠርሙስ አስባለሁ።

ይበልጥ የከበደኝ የታሊዶማይድ ነገር ነው። መድኃኒቱ በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ተብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ ተሸጠ፤ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽም ወሰዱት። በሐምቡርግ ሐኪሙ ቪዱኪንድ ሌንስ አደጋውን ደርሰውበት በ1961 መጨረሻ ከገበያ ሲወጣ፣ ጉዳቱ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ላይ ደርሶ ነበር፤ ብዙዎቹ እጅና እግራቸው አጥሮ ተወለዱ። ቆይቶ ለነፍሰ ጡር አይጦች ሲሰጥ ግልገሎቻቸው እንዲያ አልሆኑም፤ ጉዳቱን በ1962 ያሳየችው ጥንቸል ናት።

ምክንያቱ እስኪታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ2010 የቶኪዮ ተመራማሪዎች ታሊዶማይድ ሴሬብሎን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አገኙ፤ ይህንንም በዜብራ ዓሣና በጫጩት ጽንስ አረጋገጡ። በ2018 ደግሞ መድኃኒቱ በዚያ ፕሮቲን በኩል ለእጅና እግር መፈጠር የሚያስፈልገውን ሳል4 የተባለ ፕሮቲን እንደሚያስፈርስ ታወቀ። የአይጥ ሴሬብሎን ከሰው የሚለየው መድኃኒቱ በሚጣበቅበት ስፍራ ባለች አንዲት አሚኖ አሲድ ነው፤ አይጧን ካዳኗት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

እንግዲህ እኔ ያንጠለጠልኳት ጠብታ የያዘችው የአይጥ ሕዋስ፣ የአይጥን ሴሬብሎን ነበር። እንስሳዋ ተርፋለች፤ የእንስሳዋ ጉድለት ግን በሳህኑ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ከሰው ስቴም ሴል የሚሠሩትን ፍተሻዎች አጥብቄ እደግፋለሁ። በ2020 የታደሰው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት መመሪያ እንዲህ ያሉ ዘዴዎች በተወሰኑ ሁኔታዎች እንዲያገለግሉ ፈቅዷል። የእናት ጉበት ለውጦ መርዝ የሚያደርጋቸውን ኬሚካሎች ለመያዝ ግን ከጽንሱ ሕዋስ ጎን የጉበት ሕዋስም መኖር አለበት።